ምጽዋን የሚያውቁ እጆች

የባሕር በር ጉዳይ ከጥቅምት 2016 ዓ.ም. ወዲህ ከምክር ቤት እስከ ቡና መጠጫ ድረስ ያልተወራበት ቦታ የለም። ካርታ የሚዘረጋ አለ፣ ውል የሚጠቅስ አለ፣ አሰብን በአንድ ሌሊት የሚያስመልስም አለ። በዚህ ሁሉ መሃል ግን አንድ ጥያቄ ሲነሳ ብዙም አልሰማሁም፦ ባሕሩን በእጃቸው ሠርተው የሚያውቁት ሰዎች ዛሬ የት ናቸው?

አንዳቸው የት እንዳሉ እኔ አውቃለሁ። ባሕር ዳር ውስጥ፣ ከጣና ዳርቻ በማይርቅ ጠባብ የኤሌክትሪክ ዕቃ መጠገኛ ቁጭ ብለው የልጆች ቬፕ ኮይል ይለካሉ።

ነገሩ ያስቃል፤ እኔም ስቄያለሁ። ሰውየው ሰባ ዓመት የተጠጉ የቀድሞው ባሕር ኃይል ኤሌክትሪሻን ናቸው። ልጆቹ "ጋሼ" ይሏቸዋል።

በነገራችን ላይ ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ በአገራችን ክልክል ነው። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ማስገባቱንም መሸጡንም ከልክሏል። ክልከላው ግን ዕቃውን አላስቀረውም፤ በሻንጣ ይገባል። መለዋወጫው ነው እንደልብ የማይገኘው። ስለዚህ ኮይሉ ሲቃጠልባቸው ልጆቹ ራሳቸው ሽቦ ይጠመጥማሉ። አደጋው እዚህ ላይ ነው።

ሒሳቡ ከባድ አይደለም። ሙሉ ቻርጅ የሆነ አንድ የሊቲየም ባትሪ 4.2 ቮልት አለው። ኮይሉ 0.5 ኦም ከሆነ 8.4 አምፔር ይስባል። ሽቦው አጥሮ ወይም ተነካክቶ ወደ 0.1 ኦም ከወረደ 42 አምፔር ይሆናል፤ አብዛኞቹ እንዲህ ያሉ ባትሪዎች ይህን አይችሉም። ይግላል፣ ይጨሳል፣ አንዳንዴም ይፈነዳል፤ ያውም ከንፈር አጠገብ።

ጋሼ ኮይሉን ከመንካታቸው በፊት የቴስተሩን ሁለት ገመዶች እርስ በርስ ያነካካሉ። የገመዱ የራሱ ሬዚስታንስ 0.2 ኦም ሊያሳይ ይችላል። ያንን ሳትቀንስ ከለካህ 0.3 የሆነውን 0.5 ነው ብለህ ለልጁ ታስረክበዋለህ። "መጀመሪያ መለኪያህን ለካ" ይላሉ። ዓይናቸው ስለደከመ ቁጥሩን ጮክ ብለው የሚያነቡላቸው ልጆቹ ናቸው።

ለምን ትተባበራቸዋለህ ብለው የሚወቅሷቸው አሉ። መልሳቸው አንድ ነው፦ "ተዉት ብላቸው አልሰሙኝም፤ እንግዲህ ፊታቸው እንኳ አይቃጠል።" እኔ በዚህ ሙሉ በሙሉ አልስማማም። ኮይሉ የቱንም ያህል በትክክል ቢለካ ኒኮቲኑ ያው ኒኮቲን ነው፤ ልጁም ያው ሱሰኛ ነው። ግን በልጆቹና በፍንዳታው መካከል ከእሳቸው ሌላ የቆመ ሰው አላየሁም።

ወደ ዋናው ነገር ልመለስ። እጃቸው ይህን የተማረው ምጽዋ ነው። መርከብ ላይ ነገሩ ግልባጭ ነበር ይላሉ። እዚህ የኦምን ክፋይ ይፈልጋሉ፤ እዚያ ግን በሽቦውና በመርከቡ ብረት መካከል ሚሊዮን ኦም ካልተገኘ እንቅልፍ የለም። የቀይ ባሕር ጨው አዘል እርጥበት የሽቦ ሽፋን ውስጥ እየገባ ያንን ቁጥር በየቀኑ ያወርደዋል። ስለዚህ መለካት፣ ማድረቅ፣ እንደገና መለካት። አንዳንድ ቀን የድሮ ጓዳቸው ብቅ ይላሉ፤ የሞተር ክፍል ሰው ነበሩ፣ አሁን የጣና ጀልባ ሞተር ይጠግናሉ። ሁለቱ ሲገናኙ መጨቃጨቅ ነው፤ "አንተ እኮ የምጽዋን ሙቀት የምታውቀው በጥላ ነው" ይላሉ የሞተሩ ሰው። ልጆቹ ያኔ ስልካቸውን ያስቀምጣሉ።

ባሕር ኃይሉ እ.ኤ.አ. በ1955 ሲቋቋም ኖርዌጃውያን መኮንኖች አሠልጣኞች ነበሩ። "ኢትዮጵያ" የተባለችው ትልቋ መርከብ ከአሜሪካ የተገኘች፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ያገለገለች ነበረች። በምጽዋው ዓመታዊ የባሕር ኃይል በዓል ላይ የአሜሪካም የሶቪየትም የጦር መርከብ ይመጣ ነበር። የካቲት 1982 ምጽዋ ከእጅ ወጣች። ግንቦት 1983 ላይ የቀሩት መርከቦች ወደ የመንና ወደ ሳዑዲ ሸሹ፤ "ኢትዮጵያም" የመን ላይ ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። ሠራዊቱ ተበተነ። ብረቱ ቢያንስ ዋጋ ወጥቶለታል። የሰዎቹ ሙያ ግን የትም አልተመዘገበም፤ እያንዳንዱ ይዞት ወደየቀዬው ገባ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል። በ2010 ባሕር ኃይል እንደገና እንደሚገነባ ተነገረ፤ መጋቢት 2011 ከፈረንሳይ ጋር ስምምነት ተፈረመ፤ ባሕር ዳርም ለመምሪያነት ስሟ ተነሳ። በ2017 ደግሞ "ጣናነሽ ሁለት" ከጅቡቲ በመኪና ተጭና፣ ተራራ ወጥታ ቁልቁለት ወርዳ ጣና ደረሰች። መርከብ በአስፋልት ሲመጣ ያየ ሕዝብ ነን።

ጣና ባሕር አይደለም የሚሉ ትክክል ናቸው። ጨው የሌለው ውኃ ስለሆነ አንድ ጀልባ እዚህ ከምጽዋ ትንሽ ጠለቅ ብላ ትቀመጣለች። ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ስለሆነም አየሩ ስስ ነው፤ እዚያ በሙሉ ጉልበቱ የሠራ ሞተር እዚህ ይደክማል። ይህን ከሁለቱ ሽማግሌዎች ጭቅጭቅ ነው የሰማሁት።

መርከብ በብድርም ይገዛል፤ ሠልጣኝም ውጭ ይላካል። የኔ ጥያቄ ከዚያ ያነሰ ነው። ከተማችን ውስጥ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር ለዓለም የንግድ መርከቦች መሐንዲሶችንና ኤሌክትሪሻኖችን የሚያወጣ የማሪታይም ማሠልጠኛ አለ። ከጋሼ ሱቅ እስከዚያ የባጃጅ መንገድ ነው። አንድ ከሰዓት፣ አንድ መቅጃ፣ አንድ ሠላሳ ተማሪ ይበቃል። ሌሎችም በየከተማው አሉ፤ ጎንደር፣ አዳማ፣ አዲስ አበባ የምትኖሩ አባታችሁን ወይም ጎረቤታችሁን ጠይቁ። ምጽዋ ከእጅ ስትወጣ 25 ዓመቱ የነበረ ባሕርተኛ ዛሬ 60 አልፎታል፤ ያኔ አለቃው የነበሩት ደግሞ ከነማስታወሻቸው እያለቁ ነው።