አምስተኛው ስም

የአጎቴን ልጅ ሊያጯት ሽማግሌ የተላከ ዕለት መካነ ኢየሱስ ነበርኩ። እንደ ወጉ ዘር መቁጠር ተጀመረ፤ እስከ ሰባት ቤት ካልራቁ ጋብቻ የለም። አያቴ አምስተኛው ላይ ሲደርሱ ቆም አሉና አንድ ስም ጠሩ። እኔ ግን ከአራት ዓመት በፊት ከሳቸው አፍ ሰምቼ የጻፍኩት ሌላ ስም መሰለኝ።

መዝገቡ ላፕቶፔ ላይ ነው። የፕሮግራመር ነገር፣ የዘር ሐረጌን ሳይቀር በጊት ነው የማስቀምጠው። መብራት ጠፍቷል፣ ባትሪውም ሊያልቅ ነው። የድሮውን ቅጂ መፈለግ ጀመርኩ።

ሊኑስ ቶርቫልድስ በ1997 ዓ.ም. የጀመረው ጊት፣ እያንዳንዱን የፋይል ቅጂ ሙሉውን ይይዛል፤ ስም የሚያወጣለትም ከራሱ ከይዘቱ ነው፣ 40 ፊደልና ቁጥር። አንዲት ነጥብ ብትለወጥ ስሙ ሌላ ይሆናል። ቅጂው ሲበዛበት ደግሞ ያሽጋቸዋል፦ አንዱን ሙሉ ይተውና ከሌሎቹ የሚለዩበትን ብቻ ያስቀምጣል። እናም አንዱን ለማውጣት ከመሠረቱ ተነሥቶ ልዩነቱን አንድ በአንድ መደረብ አለበት፤ ካልቀየሩት እስከ 50 ደረጃ ድረስ። አያቴም ዳዊት ሲደግሙ መሐል ላይ ካቋረጧቸው ከመዝሙሩ መጀመሪያ ነው የሚነሡት።

ካሽ ያስፈለገው ለዚህ ነው። ታሪክ ወደኋላ ስንበረብር ለአንዱ ቅጂ የተሠራው መሠረት ለቀጣዩም ስለሚያስፈልግ፣ ጊት እንደገና ከመሥራት ይልቅ እጁ ላይ ያቆየዋል፤ በተለመደው እስከ 96 ሜጋባይት። ትእዛዙ ሲያልቅ ግን ይጥለዋል። ያንኑ ትእዛዝ ስንደግመው የሚፈጥነው ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ከዲስክ ያነበበውን ስለሚያስታውስ ነው። እኔ ስንት ዓመት ጊትን ሳመሰግን ኖርኩ! (ለእኔዋ ትንሽ ፋይል ይህ ሁሉ ባያስፈልጋትም፣ ሥራ ቦታ ያለው ግዙፍ ነው።)

ካሽ ላይ የሠራ ሰው የሚፈራው አንድ ነገር አለ፦ የያዝኩት አርጅቶ ይሆን? እዚህ ያ ፍርሃት የለም። ስሙ ከይዘቱ ስለወጣ፣ በዚያ ስም ሌላ ነገር አይመጣም። የሂሳብ ሰዎች «ከሞላ ጎደል በል» ይሉኛል፤ እሺ፣ ከሞላ ጎደል።

አገኘሁት። መጀመሪያ የተጻፈው አያቴ አሁን የጠሩት ስም ነው። በሁለተኛው ቀን የለወጥኩት እኔ ነኝ። ከለውጡ ጋር ያኖርኩት ማስታወሻ «ተስተካከለ» ይላል፤ ማን እንደነገረኝ ግን የለም።

ስክሪኑን አዞርኩላቸው።

«ምን ይላል?»

«እርስዎ ያሉትን ነው የሚለው።»

«ታዲያ እኔን መጠየቅ አይሻልም ነበር?» አሉና ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረው ስድስተኛውን ጠሩ።