ዝም ያለው ስክሪን

አንድ ፕሮግራም ሥራውን ጨርሶ ሲወጣ ለጠራው ፕሮግራም አንዲት ቁጥር ትቶ ይሄዳል። 0 ከሆነች ሰላም ነው፤ ከዚያ ውጪ ከሆነች አንድ ነገር አለ። ምን እንዳለ ግን እንደ ፕሮግራሙ ይለያያል። ግሬፕ የሚፈልገውን ቃል ካጣ 1፣ ፋይሉን መክፈት ካቃተው 2 ይመልሳል። ፓይሊንት ደግሞ ይደምራል፦ ስህተት 2፣ ማስጠንቀቂያ 4፣ ሁለቱም ካሉ 6።

ግምጃ ቤት ያለ አንድ ወጣት ይህን ሁሉ ማወቅ አላስፈለገውም ነበር። በአሮጌ ላፕቶፑ ላይ በቪም ይጽፋል፤ የጃቫስክሪፕት ስህተት የሚለቅመውን ኢኤስሊንትን የምትጠራለት ራሱ የጻፋት አጭር ስክሪፕት ናት። ስክሪፕቷ የምታውቀው አንድ ነገር ነው፦ 1 ከመጣ ስህተቶቹን በቀይ አሳይ፣ ካልመጣ ዝም በል። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ እንኳ ይህች አልተቋረጠችም። (አፕዴት የማይነካው ነገር ዕድሜው ረጅም ነው።)

ኢንተርኔቱ ሲመለስ ያለውን ሁሉ አፕዴት አደረገ። በመሃሉ፣ መጋቢት 2016 ዓ.ም.፣ የኢኤስሊንት 9ኛው ስሪት ወጥቶ ነበር። ይህ ስሪት የድሮውን የቅንብር ፋይል ካላዘዙት አያነብም፤ አዲሱን ዓይነት ይፈልጋል፣ ካጣ ኮዱን ሳያይ 2 ብሎ ይወጣል። «አልመረመርኩም» ማለቱ ነው። ስክሪፕቷ ግን 1 ስላልመጣ ዝም አለች።

ለሦስት ሳምንት አንድም ቀይ መስመር አልታየም። ልጁ የበረታ መሰለው፤ ማን ይፈርድበታል? ከዚያ ለእንጅባራ ነጋዴ የሠራው የሽያጭ መመዝገቢያ ዱቤ ሲገባበት ቀጥ ይል ጀመር። አንድ ፊደል የጎደለው ስም ነበር። ሰውዬው ደወሉ፦ «ልጄ፣ ወደ ደብተሬ ልመለስ ወይ?»

ኢኤስሊንትን መውቀስ ይከብዳል። ስህተት ማግኘትን ከመሥራት አለመቻል መለየቱ ልክ ነው፤ የመሸጋገሪያ መመሪያም ጽፏል። ግን መመሪያው የሚደርሰው ኢንተርኔቱ ላልተቋረጠበት ሰው ነው። የኢማክሱ ፍላይቼክ የተሻለ ጠባይ አለው፦ ከ0 ውጪ ቁጥር መጥቶ የስህተት ዝርዝር ከሌለ «ይሄ ያጠራጥራል» ብሎ ይናገራል።

ልጁም ስክሪፕቷን እንደዚያ አደረጋት። በ0 ብቻ ዝም ትላለች፤ 1ን ታቀላለች፤ ሌላው ሲመጣ ፕሮግራሙ ያለውን እንዳለ ታወጣለች። አዲሱን የቅንብር ፋይል ጽፎ ሲያስነሳት ስክሪኑ በቀይ ተሞላ፤ የዱቤዋ መስመርም እዚያው ነበረች። አስተካክሎ ላከ። ነጋዴው ግን ደብተሩን እስካሁን ከመሳቢያው አላወጡትም።