ቡሎኑን ያጠበቁ እጆች

በ2016 ዓ.ም. ጥር ወር የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከእንግዲህ ወደ አገር እንደማይገቡ ሲያስታውቁ፣ እኔ ከተግባረ ዕድ ከወጣሁ ጀምሮ ሞተር ስፈታና ስገጥም የኖርኩ መካኒክ ነበርኩ። የዚያ ሰሞን የሶማሌ ተራ ወሬ ይኸው ብቻ ነበር። አንዱ መለዋወጫ ሻጭ «ካንዴላና ፊልትሮ ከእንግዲህ ማን ይገዛኛል?» ሲል፣ ሌላው «መብራት በሚጠፋበት አገር በመብራት የሚሄድ መኪና!» ይላል። እኔን ያሳሰበኝ የገዛ ሙያዬ ነበር። እጄ የለመደው ሥራ ከነመኪናው ሊያረጅ ነው ብዬ ሰጋሁ። ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ የሚገኝ አንድ የኤሌክትሪክ መኪና መገጣጠሚያ ሠራተኛ እንደሚፈልግ ስሰማ ማስረጃዎቼን ሰብስቤ ሄድኩ።

እንዲህ ያሉ መገጣጠሚያዎች የበዙት አለ ምክንያት አይደለም። ሙሉ በሙሉ ተበታትኖ ለሚገባ የኤሌክትሪክ መኪና የጉምሩክ ቀረጥ እንዳይኖር፣ በከፊል ተገጣጥሞ የሚገባው 5 በመቶ፣ ያለቀለት ደግሞ 15 በመቶ እንዲከፍል ተወስኖ ነበር። ስለዚህ ነጋዴው መኪናውን በኮንቴይነር በታትኖ አምጥቶ እዚህ ቢገጥም ያዋጣዋል። እኛ ጋ የሚመጣው ቀለሙ ተቀብቶ ያለቀ አካል ነው፤ ባትሪው፣ ሞተሩ፣ ጎማው፣ ወንበሩና የኤሌክትሪክ መስመሩ ለየብቻው ታሽጎ ይደርሰናል።

ሥራውን ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ወደድኩት። ጋራዥ ውስጥ የኖረ ሰው ማታ እጁን በኦሞ አሽቶ አሽቶ እንኳ ቅባቱ ከጥፍሩ ሥር አይለቀውም። እዚህ ቱታዬ ከሳምንት ሳምንት ንጹሕ ነበር። ወለሉ ይታጠባል፣ ለእያንዳንዱ መፍቻ ቦታ አለው። በጋራዥ ዘመኔ ቡሎን የሚጠብቀው እንደ ሠራተኛው ክንድ ነበር። እዚህ እያንዳንዱ ቡሎን የተወሰነ ልክ አለው፤ ልኩ ላይ ሲደርስ መፍቻው ቀጭ ይላል፤ ያጠበቀው ሰው በቀለም ምልክት ያደርግበትና ወረቀቱ ላይ ይፈርማል። ከወራት በኋላ አንድ ነገር ቢላላ ማን እንደገጠመው ይታወቃል። ይህ ለአንዳንዱ ማስፈራሪያ መስሎት ነበር። ለእኔ ግን ሥራዬ ስም ያገኘበት የመጀመሪያው ጊዜ ነው።

ከሁሉ የምንኮራው በባትሪው ሥራ ነበር። ባትሪው ከመኪናው ወለል ሥር የሚገባ፣ በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ የሚመዝን ሰፊ ሣጥን ነው። ከታች በማንሻ ወደ ላይ ይገፋል፣ ዙሪያውን በቡሎን ይታሰራል። ብርቱካንማ ቀለም ያላቸውን ኬብሎች ማንም እንደፈለገ አይነካም፤ በውስጣቸው የሚያልፈው ኃይል በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ነው፣ ሰው ይገድላል። የደህንነት መሰኪያው ይነቀላል፣ በውስጥ የቀረው ኃይል እስኪወርድ ለደቂቃዎች ይጠበቃል፣ በመለኪያ ይረጋገጣል፤ ከዚያ በኋላ ነው ወፍራሙን የጎማ ጓንት ያጠለቀ ሰው የሚጠጋው። ብቻውንም አይሠራም፤ አንድ ባልደረባ አጠገቡ ይቆማል። ጋራዥ ውስጥ ስለ ደህንነት ተጨንቆ የሚያስተምረኝ አለቃ ገጥሞኝ አያውቅም። እዚህ ነፍሴ ዋጋ እንዳላት የሥራው ሥርዓት ራሱ ይነግረኝ ነበር።

መኪናው ተገጥሞ አልቆ መጀመሪያ ሲንቀሳቀስ ድምፅ የለውም። ዳሽቦርዱ ላይ መብራቱ ይበራል፣ ጎማው ይዞራል፣ በቃ። እኛ እናጨበጭባለን። ለሙከራ ይዤው ዳገት ስወጣ የገባኝ አንድ ነገር አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ የተቆረቆረች ስለሆነች አየሩ ሳሳ ያለ ነው፤ ነዳጅ የሚያቃጥል ሞተር እዚህ ጉልበቱ ይቀንሳል። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይፈልግምና ዳገቱን ሳያቃስት ይወጣዋል። ዕድሜዬን ሙሉ ዳገት ላይ የሚያጨስ ሚኒባስ ሳክም ለኖርኩት ለእኔ ይህ ትልቅ ደስታ ነበር።

ሰዎቹንም ወደድኳቸው። ከቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የወጡ ብዙ ሴቶች ነበሩ፤ የኤሌክትሪክ መስመር ዝርጋታው ላይ የሚደርስባቸው አልነበረም። አንዷ ምሳ ላይ እንዲህ ብላኛለች፦ «ጋራዥ ሄጄ ሥራ ስጠይቅ ሻይ አፍዪልን ነው ያሉኝ። እዚህ መኪናው በእኔ ፊርማ ነው የሚወጣው።» ደመወዝ በቀኑ ይገባል። ጠዋትና ማታ ሰርቪስ አለ፣ ምሳ ይቀርባል፣ ጡረታም ይቆረጥልናል፤ ሠራተኛው 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ። ደንበኛ የመጣለት ቀን በልቶ ያልመጣለት ቀን ጾሙን ለሚያድር የጋራዥ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ብዙዎቻችን ዕቁብ የገባነው ያን ጊዜ ነው።

የምንጠላውም ነበር፤ እሱንም ሳልሸሽግ መናገር አለብኝ።

ዕቃው የሚመጣው በጅቡቲ በኩል ነው። መርከብ ይዘገያል፣ ጉምሩክ ይዘገያል፣ የውጭ ምንዛሪ ይጠፋል። አንድ ካርቶን ሲጎድል የመገጣጠሚያው መስመር በሙሉ ይቆማል፤ አርባ ወንበር ቢኖርና የበሩ መስታወት ባይኖር መኪናው አይወጣም። መጀመሪያ ወለል እንጠርጋለን፣ መፍቻ እንወለውላለን። መቆሙ ሲረዝም «የዓመት ፈቃዳችሁን ውሰዱ» እንባላለን። ሕጉ ለመጀመሪያው ዓመት የሰጠን 16 የሥራ ቀን ለእረፍት፣ ለሰርግ፣ ለልቅሶ የምናስበው ነበር፤ በማናውቀው መርከብ መዘግየት ያልቃል። ዕቃው የገባ ዕለት ደግሞ እስከ ማታ ሥሩ እንባላለን። የትርፍ ሰዓቱ ክፍያ ይመጣል፣ ግን ሰው ሕይወቱን በኮንቴይነር መድረስ ሲያስተካክል ይሰለቻል።

ከዚያ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. መጣ። የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የመኪናው ዋጋ ወዲያው ጨመረ። የእኛ ደመወዝ ባለበት ቆየ። የቤት ኪራይና አስቤዛ ግን አልጠበቁንም። በአገራችን ለግል ድርጅት ሠራተኛ የዝቅተኛ ደመወዝ ወለል አልተደነገገም ነበርና የምንጠቅሰው ቁጥር አልነበረንም። እጃችን የነካውን መኪና ከመካከላችን የሚገዛ እንደሌለ ሁላችንም እናውቃለን፤ ያ አላስከፋንም። ያስከፋን ዋጋው ሲጨምር እኛን ያሰበን ሰው አለመኖሩ ነው።

ውላችንም አጭር ነበር። በወራት ያልቃል፣ ይታደሳል፣ ደግሞ ያልቃል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜን በ60 የሥራ ቀን ይወስነዋል፤ የሥራ ውልም በመርህ ደረጃ ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይቆጠራል ይላል። እኛ ግን ውላችን ሊያልቅ ሲቃረብ ቅሬታችንን ዋጥ እያደረግን ነበር የምንሠራው። ስለ ጓንት ማርጀት ሊናገር የሚገባው ሰው ውሉ እስኪታደስ ዝም ይላል። በከፍተኛ ቮልት ሥራ ላይ ዝምታ አደገኛ ነው።

ከሁሉ በላይ ሰዎቻችንን ያስመረረው ግን ኮምፒውተሩ ነበር። የኤሌክትሪክ መኪና ብልሽቱን በድምፅ አይናገርም፤ ችግሩ የሚነበበው መኪናው ላይ በሚሰካ ኮምፒውተር ነው። ኮምፒውተሩ የይለፍ ቃል አለው፣ የይለፍ ቃሉ ከቻይና በመጡት ሁለት ቴክኒሻኖች እጅ ነው፣ መመሪያውም የተጻፈው በቻይንኛ ነው። ሰዎቹ ክፉዎች አልነበሩም። አንደኛው ስልኩ ላይ እየጻፈ በትርጉም ያሳየን ነበር፤ ያወቅሁትን ብዙ ነገር ከእሱ ነው ያወቅሁት። ነገር ግን ሁለቱም ለበዓላቸው አገራቸው የሄዱ ጊዜ ያለቁ መኪኖች ዳሽቦርዳቸው ላይ የማስጠንቀቂያ መብራት እየበራ ግቢው ውስጥ ተደርድረው ቆሙ። እኛ ቡሎናቸውን ሁሉ እናውቃለን፤ የታመሙበትን ግን መጠየቅ አልቻልንም።

በመካከላችን አንድ ወጣት ኤሌክትሪሺያን ነበር። ቴክኒሻኖቹ ኮምፒውተሩን ሲሰኩ አጠገባቸው ቆሞ የሚወጣውን የብልሽት ቁጥርና የፈቱበትን መንገድ በአማርኛ በደብተር ይመዘግብ ነበር። ደብተሩ እየሞላ ሲሄድ ቁጥሩን አይቶ የትኛው መሰኪያ እንደላላ፣ የትኛው የሙቀት መለኪያ እንደተበላሸ ይናገራል፤ አብዛኛውን ጊዜም አይስትም። ደብተሩን ለሥራ ኃላፊው አሳየ፤ ተጠርዞ ለሁላችን እንዲታደል፣ እሱም እንዲያስተምረን ጠየቀ። «ጥሩ ነው፣ እናየዋለን» ተባለ። ውሉ ሲያልቅ ጥቂት ብር ጨምረው ሊያድሱለት ፈለጉ። እሱ ግን ከተማ ውስጥ የኤሌክትሪክ መኪና የሚጠግን ጋራዥ ገባ። ደብተሩንም ይዞ ሄደ። ያቺ «መኪናው በእኔ ፊርማ ነው የሚወጣው» ያለችኝ ልጅም ከወራት በኋላ ተከተለችው። እኔ ከእነሱ ዘግይቼ ወጣሁ፤ አሁን የምሠራው ከእነሱ ጋር ነው።

ከወጡት ባልደረቦቼ ጋር ስንገናኝ ስለ ሥራው ክብደት የሚያማርር ሰምቼ አላውቅም። ሁሉም የሚያነሡት አንድ ነገር ነው፦ «ገጣጥሙ አሉን እንጂ እወቁ አላሉንም።» ደመወዙ ያነሰውም፣ ውሉ ያጠረውም፣ የይለፍ ቃሉ የተደበቀውም ከዚሁ አመለካከት የመጣ ይመስለኛል። ሠራተኛውን ነገ ሊተካ እንደሚችል እጅ ብቻ የሚያይ ድርጅት ያሠለጠነውን ሰው ለሌላ አሳልፎ ይሰጣል፣ ራሱ ሁልጊዜ ከጀማሪ ይጀምራል።

ታላቁ የህዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። መኪናውን የሚነዳው ኃይል ከራሳችን ውኃ ይመነጫል። መኪናው ሲታመም የሚያውቅለት ሰውም ከራሳችን መካከል መውጣት አለበት። የመገጣጠሚያ ባለቤቶችን የምለምነው ሦስት ነገር ነው። የኮምፒውተሩን ዕውቀት ለኢትዮጵያውያን ሠራተኞች በሥልጠናና በምስክር ወረቀት ስጡ። ፈተናውን ላለፈ ሠራተኛ ቋሚ ውል ስጡ። ዕቃ ዘግይቶ መስመር ሲቆም የሠራተኛውን የዓመት ፈቃድ አትንኩ፤ ያን ጊዜ ለሥልጠና ተጠቀሙበት። ወደዚህ ሥራ ለምትገቡ ወጣቶች ደግሞ፦ ሥራው መልካም ነው፣ ግቡበት፤ ያያችሁትን ሁሉ በደብተር ጻፉ።