በዳላስ ብርድ፣ ከጋቢ እስከ ናይለን

ዳላስ ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚያስበው ሙቀቱን ነው። እውነት ነው፤ በሐምሌና በነሐሴ ከቀትር በኋላ ውጭ መቆም ያስቸግራል። ነገር ግን ዳላስና ፎርት ዎርዝ ክረምትም አላቸው። በአገራችን ክረምት ማለት የዝናብ ወቅት ሲሆን እዚህ ግን የብርድ ወቅት ነው። በጃንዋሪ የሌሊቱ አየር በአማካይ እስከ 37 ዲግሪ ፋራናይት ይቀዘቅዛል። የቴክሳስ ሰዎች «ኖርዘር» የሚሉት የሰሜን ነፋስ ሲነሳ ደግሞ፣ ጠዋት በቲሸርት የወጣ ሰው ማታ ካፖርት ያምረዋል። በፌብሩዋሪ 16 ቀን 2021 ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 2 ዲግሪ ፋራናይት ደርሶ ነበር። በዚያ ሳምንት በቴክሳስ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ቤቶች መብራት ጠፋባቸው። እኛም ቤት ውስጥ ጋቢ ተከናንበን አደርን።

በዚህ አካባቢ ውጭ ለማደር የሚመቸው በጋው ሳይሆን ከመኸር እስከ ጸደይ ያለው ጊዜ ነው። ትንኝ ይቀንሳል፣ ሙቀቱም ይበርዳል። የስምንት ዓመቷ ልጄ በጆ ፑል ሐይቅ ዳር ባለው በሴዳር ሂል ስቴት ፓርክ በሃሞክ ማደር ፈለገች። እናቴ ግን ያደገችው ደብረ ብርሃን ነውና ብርድን ታውቃለች። «ልጅቷን ብርድ ቢመታትስ?» አለች። እኔም «እማዬ፣ መጀመሪያ የሚሞቅ ነገር እንሰፋለን፤ ካልሞቀሽ አትሄድም» አልኳት። በዚህ ተስማማን።

ሃሞክ በሁለት ዛፎች መካከል የሚወጠር የጨርቅ አልጋ ነው። ቃሉ የመጣው በካሪቢያን ደሴቶች ይኖሩ ከነበሩት ከታይኖ ሕዝብ ቋንቋ፣ በስፓኒሽ በኩል ነው። በሞቃት አገር ከሥር ነፋስ መግባቱ ጥሩ ነው፤ በብርድ ጊዜ ግን ችግሩ ይኸው ነው። ወፍራም ብርድ ልብስ ውስጡ ብታነጥፉም ጀርባችሁ ይበርዳችኋል። ለምን? የሚያሞቀን ጨርቁ ራሱ ሳይሆን በውስጡ የተያዘው አየር ነው። ስንተኛበት ክብደታችን ያንን አየር ጨፍልቆ ያስወጣዋል። ስለዚህ ብርድ ልብሱ ከሃሞኩ ውጭ፣ ከሥሩ ይንጠለጠላል። እዚያ ማንም አይተኛበትም፤ አየሩም አይጨፈለቅም።

ይህን ለእናቴ ሳስረዳት ወዲያው ገባት። «ጋቢም እኮ አራት ድርብ የሆነው ለዚህ ነው» አለች። ልክ ናት። በድርቦቹ መካከል የሚቀረው አየር ሙቀት ይይዛል። የመንዝ ሰዎች ከበግ ጸጉር የሚሠሩት ባናና በርኖስም በዚሁ መንገድ ያሞቃል። ታዲያ ለምን ጋቢውን ከሥር አናንጠለጥለውም? ጋቢ ጥጥ ነው። ጥጥ ጤዛና ዝናብ ይጠጣል፣ ይከብዳል፣ ቶሎም አይደርቅም። ነፋስም ያሳልፋል። ጋቢ ቦታው ከላይ፣ ደረቅ በሆነ ቦታ ነው።

ጨርቅ ፍለጋ በዳላስ ሃሪ ሃይንስ መንገድ ወዳሉት የጨርቅ መደብሮች ሄድን። እናቴ ጨርቅ በዓይን ብቻ አትመርጥም። በጣቶቿ ታሻለች፣ ወደ ብርሃን አንስታ ታያለች፣ በቁመት የሚሄደውን ክር «ድር»፣ በወርድ የሚያልፈውን «ማግ» እያለች ለልጄ ታስተምራለች። እኛ የፈለግነው ሪፕስቶፕ የሚባለውን ቀጭን ናይለን ነበር። በየመሐሉ ጠንከር ያለ ክር ስላለው ትናንሽ ካሬዎች ይታዩበታል፤ ትንሽ ቢቀደድም ቀዳዳው ቶሎ አይሰፋም። በአንድ ካሬ ያርድ 1.1 አውንስ አካባቢ የሚመዝነው ይበቃል። ውኃ እንዲያንጠባጥብ የተቀባ ቢሆን ይመረጣል። ሙሉ በሙሉ ውኃ የማያስገባ ላስቲክ መሰል ጨርቅ ግን አይሆንም፤ ከሰውነታችን የሚወጣው እርጥበት ውስጡ ታፍኖ ሙሌቱን ያረጥበዋል።

በመደብር ውስጥ ቀላል መፈተኛ አለ። ጨርቁን አፋችሁ ላይ አድርጋችሁ እፍ በሉ። ትንፋሻችሁ በቀላሉ ካለፈ ነፋስም ያልፋል ማለት ነው። ፍሊስ ለስላሳና ሞቃት ቢሆንም ይህን ፈተና ይወድቃል።

ቀጥሎ ሙሌቱ ነው። ሁለት ምርጫ አለ። አንደኛው ዳውን፣ ማለትም የዝይ ወይም የዳክዬ ለስላሳ የውስጥ ላባ ነው። ለክብደቱ እጅግ ይሞቃል፣ ታጥፎም ትንሽ ይሆናል። ነገር ግን ከረጠበ ይጠቀለላል፤ ሙቀቱም ይጠፋል። ላባው ወደ አንድ ጎን እንዳይሸሽም በውስጡ ብዙ ክፍልፍል መስፋት ያስፈልጋል። ሁለተኛው ሰው ሠራሽ ሙሌት ነው። ይከብዳል፣ ቦታም ይይዛል፤ ግን ቢረጥብም የተወሰነ ሙቀት ይሰጣል። ክላይማሺልድ አፔክስ የሚባለው ዓይነት ረጅም ተከታታይ ክር ስለሆነ ዳር ዳሩን ብቻ መስፋት ይበቃል። እናቴ ስትነካው «ይሄማ ባዘቶ ነው!» አለች። ባዘቶ ማለት ተነድፎ ለመፈተል የተዘጋጀ ጥጥ ነው።

ለልጅና ለጀማሪ ሰፊ ሁለተኛው ይሻላል ብለን ወሰንን። በሰፊዎች ዘንድ በተለመደው ግምት በካሬ ያርድ 2.5 አውንስ የሆነው እስከ 50 ዲግሪ፣ 3.6 የሆነው እስከ 40፣ 5 የሆነው እስከ 30 ዲግሪ ፋራናይት ድረስ ያገለግላል። እኛ 5 አውንሱን ወሰድን። ለአዋቂ ሁለት ሜትር በ1.2 ሜትር ቢሰፋ ሙሌቱ ብቻ 400 ግራም ያህል ይመዝናል። ለልጄ አሳጠርነው።

ስፌቱ ቀላል ነው። ሙሌቱን በሁለት ናይለን መካከል አድርጎ ዙሪያውን መስፋት፣ ከዚያም በጫፎቹ ላስቲክ ገመድ የሚያልፍበት ጠርዝ ማጠፍ ነው። ገመዱ በጣም ከተወጠረ ሙሌቱ ይጨፈለቃል፤ ከላላ ደግሞ በክፍተቱ ነፋስ ይገባል። ጀርባን ዳሰስ አድርጎ መንካት አለበት።

የመጀመሪያው ሙከራ ፓርክ ሳይሆን በጓሯችን፣ ከቤት በር አጠገብ ነበር። ቴርሞሜትሩ 41 ዲግሪ ያሳይ ነበር። እናቴ ሌሊት ሁለት ጊዜ ወጣች። ባትሪ አላበራችም፤ ልጅቷን እንዳትቀሰቅስ እጇን ብቻ በሃሞኩና በብርድ ልብሱ መካከል አስገባች። ሁለተኛ ጊዜ ስትመለስ «ይሞቃል» አለችኝ። ከዚያ በኋላ የሴዳር ሂሉን ጉዞ ከልጄ ይልቅ እሷ ማስታወስ ጀመረች።

እናንተም ልትሞክሩት ብታስቡ ሃሞኩ ከወንበር ከፍታ አይብለጥ። የዛፉን ልጥ እንዳይጎዳ ሰፊ ማሰሪያ ተጠቀሙ። ሃሞክ ከዛፍ ላይ ማሰር ይፈቀድ እንደሆነም ፓርኩን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ጨርቅ ልትገዙ ስትወጡ ደግሞ እናታችሁን ወይም አያታችሁን ይዛችሁ ውጡ። ስለ ናይለን ላያውቁ ይችላሉ፤ ስለ ብርድ ግን ብዙ ያውቃሉ።