የብዕር ማደሪያ

አንጥረኛ መዶሻውን የት እንዳኖረ ያውቃል። እኔ ግን የምጽፍበትን መሣሪያ ማደሪያ ሳላውቅ ኖሬ ዕዳዬን ከፍያለሁ።

የምጽፈው ሆላንዳዊው ብራም ሙሌናር በ1991 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ባበረከተው ቪም በተባለው የጽሑፍ ማዘጋጃ ፕሮግራም ነው። የመስመሩን ስፋት፣ የገጹን ቀለም፣ ከሁሉም በላይ በአሥር ዓመት ያጠራቀምኋቸውን የአማርኛ አሕጽሮተ ቃላት በአንዲት የቅንብር ፋይል አስፍሬ ነበር። በሊኑክስና በማክ የዚህች ፋይል ስም በነጥብ ይጀምራል፤ በነጥብ የሚጀምር ስም ደግሞ ከተራው ዝርዝር ይሰወራል። በዊንዶውስ የተለመደው ስሟ ከግርጌ በሚሰመር ሰረዝ ይጀምራል።

ከሊኑክስ ወደ ዊንዶውስ ስዛወር ዓይኔ ያየውን ሁሉ ገለበጥሁ፤ አሮጌውንም ዲስክ ደመሰስሁ። ያላየኋት ፋይል አብራ ጠፋች። ከዚያ በኋላ ለብዙ ወራት እጄ የለመደውን ሲጽፍ ኮምፒዩተሩ አልገባውም።

ዛሬ ዋናዋን ፋይል ከድርሰቶቼ ጋር በአንድ አቃፊ አኖራለሁ። በየኮምፒዩተሩ በተለመደው ስፍራና ስም የማስቀምጠው፣ ፕሮግራሙን ወደ እርሷ የሚመራ አንድ መስመር ብቻ ነው። ስለዚህ ቤት ብለውጥም ልማዴ አይጠፋም።

የሙያ ባልደረቦቼ ሆይ፣ ድርሰታችሁን እንደምትጠብቁ ሁሉ የብዕራችሁንም ማደሪያ ዕወቁ።