የሸጥኩት ሙክት

ሙክቱን ስሸጠው ውሻ እንደነከሰው አውቅ ነበር። ይህን ለንስሐ አባቴ ተናዝዣለሁ፤ ለእናቴም ነግሬያታለሁ። ለገዛው ሰው ግን አልነገርኩትም። ስሙን አልጠየቅሁትም፣ ስልኩንም አልያዝኩም፤ ለፋሲካ ገበያው ሲጋጋል ማን የማንን ስልክ ይይዛል?

እናቴ የምትኖረው ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ ሮቢት ነው። እኔ ከተማ ውስጥ አስተምራለሁ፤ ያውም ባዮሎጂ። ፍየሎቹን የምገዛው እኔ ነኝ፤ የሚያረቡልኝ እሷና አንድ እረኛ ልጅ ናቸው። ወደ እሷ ስሄድ ዘንዘልማ ላይ የዩኒቨርሲቲው የግብርና ግቢ አለ። የእንስሳት ሕክምና የሚማሩ ወጣቶች ነጭ ጋዋናቸውን ክንዳቸው ላይ ጥለው ታክሲ ሲጠብቁ አያቸዋለሁ። ወርጄ አንዱን ብጠይቅ ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። አልወረድኩም፤ መልሱን ስለማውቀው ነው ያልወረድኩት።

ሁዳዴ በገባ ሰሞን ከሐይቁ ዳር፣ ከደንገሉ በኩል፣ ማንም የማያውቀው ውሻ መጣ። አፉ ተከፍቶ፣ ለሃጩ እየተዝረከረከ፣ ቀጥ ብሎ መንጋው መካከል ገባ። ነጯን ፍየል ፊቷ ላይ፣ ሙክቱን የኋላ እግሩ ላይ ነከሳቸው። እረኛው በዱላ አባረረውና ማታውኑ ደወለልኝ። «ቁስሉን እጠበው፤ ለእናቴም ለሰውም እንዳታወራ» አልኩት። ቁስሉ ሻረ። ተማሪዎቼን የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ በነርቭ እየተሳበ ወደ አንጎል ለመድረስ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት እንደሚወስድበት አስተምራቸዋለሁ። ደመ ሞቃት አጥቢ እንስሳን ሁሉ እንደሚይዝም እንዲሁ።

በሕማማት ነጯ ፍየል ማመስኳት አቆመች። ድምፅዋ ጎርንኖ ሌሊቱን ሙሉ ትጮሃለች፣ ግድግዳ በግንባሯ ትመታለች፤ ኋላ ላይ እግሮቿ ይጎተቱ ጀመር። እናቴ «ጉሮሮዋ ላይ አንድ ነገር ተሰንቅሮባት ነው፤ እስቲ እጅህን ስደድና እይ» አለችኝ። ሰደድኩ። ያን ጊዜ ውሻው ትዝ አላለኝም ብል እዋሻለሁ። እጄን ብሰበስብ «ለምን?» ትለኝ ነበር፤ ለዚያ ጥያቄ መልስ ከመስጠት እጄን ለፍየሏ አፍ መስጠት ቀለለኝ። ስለ ራሴ ከማውቀው ሁሉ የሚያስፈራኝ ይህ ነው።

የእንስሳት ሐኪሙ መጥቶ በሩቁ ካያት በኋላ «ውሻ ነክሷት ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ። «አላየሁም» አልኩ። አላየሁማ፤ እረኛው ነው ያየው። ከዚያ ዕውቀቴን መደበቂያ አድርጌ ተከራከርኩት፤ ደስታ መሰል በሽታ ቢሆንስ? አዙሪት ቢሆንስ? አባ ሰንጋስ? ሰውየው ታጋሽ ነበር። «ደስታ መሰል ቢሆን ዓይንና አፍንጫዋ ይፈስ፣ አፏ ይቆስል፣ ያስቀምጣት ነበር፤ ሌሎቹንም አይምርም። አባ ሰንጋ ይህን ያህል ቀን አይሰጥም። አዙሪት ቀስ እያለ ነው የሚያዞራቸው» አለኝ። እርግጡ የሚታወቀው በአንጎል ናሙና ብቻ ስለሆነ፣ ከሞተች ማንም ሳይነካት እንድጠራው፣ ጭንቅላቷ ወደ ላቦራቶሪ እንደሚላክ ነገረኝ። ሌሊት ሞተች። ሳይነጋ ጥልቅ ጉድጓድ አስቆፍሬ አስቀበርኳትና ረፋዱ ላይ ደወልኩለት። በሽታው እስከ ዛሬ «የተጠረጠረ» ተብሎ የቀረው በእኔ ምክንያት ነው።

ጎጃም ይህን በሽታ ያወቀው ዛሬ አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1884 በትግራይ፣ በበጌምድር፣ በጎጃምና በወሎ ወረርሽኙ እንደነበር ተመዝግቧል፤ ሉዊ ፓስተር የመጀመሪያውን ልጅ የከተበው በዓመቱ ነው። የዚያን ዘመን ሰው ሥር ምሶ ቢጠጣ፣ ጠበል ቢጠመቅ ሌላ ምን ነበረው? እኔ ግን ክትባት ባለበት ዘመን ነው የደበቅሁት።

ሙክቱ ደህና ይመስል ነበር። ለቅዳሜ ገበያ ነዳሁት። ገዥው ጀርባውን ዳብሶ «ጤናው እንዴት ነው?» አለኝ። «እናቴ ግቢ ያደገ ነው» አልኩት። እውነት ነው፤ እዚያው ነው ያደገው። ብሩን ቆጥሬ ተቀበልኩ።

ከበዓሉ በኋላ እናቴንና እረኛውን ይዤ ክትባት ለመጀመር ሄድኩ። እናቴ በልጅነቷ ሆድ ላይ ይወጋ የነበረውን፣ በበግ አንጎል የሚዘጋጀውን የድሮውን መርፌ አስታውሳ ፈራች፤ የአሁኑ ግን ክንድ ላይ ነው። ባለሙያዋ ስትጠይቀኝ የውሻውን መልክ፣ የመጣበትን ሰሞን፣ የተነከሱትን ፍየሎች፣ እጄን የት ድረስ እንደሰደድኩ አንድም ሳላስቀር ተናገርኩ። እናቴም ሁሉንም የሰማችው ያኔ ነው። ለራሴ ሕይወት ሲሆን እንዲያ አንደበቴ ይፈታል።

ንስሐ አባቴ «ገንዘቡን መልሰሃል?» አሉኝ። «ለማን ልመልስ አባቴ?» አልኳቸው። «ፈልገው እንጂ» አሉ። ገበያውን ተመላለስኩበት፤ ደላሎቹን ጠየቅሁ። በዚያ ሰሞን ስንት ጥቁር ሙክት እንደተሸጠ የሚያስታውስ የለም።

ስለዚህ እዚህ እጽፈዋለሁ። ለፋሲካ ከባሕር ዳር ገበያ ጥቁር ሙክት ገዝተህ፣ የኋላ እግሩ ላይ የሻረ ጠባሳ አይተህ ከሆነ፣ የሸጥኩልህ እኔ ነኝ። በሚገባ የበሰለው ሥጋ አያስፈራህ፤ ሙቀት ቫይረሱን ይገድለዋል። የሚያሰጋው ያረደው፣ ጭንቅላቱን የፈለጠው፣ ምራቁ ወይም አንጎሉ የቆሰለ እጁን የነካው ሰው ነው። ሳታርደው ቀርተህ ቤትህ ካለ አትንካው፤ የእንስሳት ሐኪም ጥራ። ምልክቱ አንዴ ከጀመረ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል፤ ካልጀመረ ግን ክትባቱ ዘግይቶም ቢሆን ይሰጣል። ዛሬውኑ ወደ ጤና ተቋም ሂድ። ያረደልህንም ሰው ይዘኸው ሂድ።