ስለ ሕመም መጠየቅ አለማመን አይደለም

ከማዘጋጃ ቤት ወደ ለገሃር በሚወርደው ቸርችል ጎዳና ላይ የኢትዮ ቴሌኮም ዋና መሥሪያ ቤትና ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብዙም ሳይራራቁ ይገኛሉ። በሽተኛ ለመጠየቅ በዚያ ስናልፍ፣ ስልክና ሕክምና በአገራችን ስንቴ አብረው እንደሠሩ እናስባለን።

ስለ ኤች አይ ቪ በሹክሹክታ ብቻ ይወራ በነበረበት ዘመን፣ ወደ 952 ነፃ የስልክ መስመር የደወለ ሰው ፊቱን ሳያሳይ ከሠለጠነ አማካሪ ጋር ይነጋገር ነበር። ለጎረቤቱም ሆነ ለመጋቢው ሊያነሣው ያልደፈረውን ጥያቄ እዚያ ይጠይቅ ነበር። በ1997 ዓ.ም. መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት ሲጀምር ደግሞ በየቀኑ ሳይቋረጥ እንደሚወሰድ ማወቅ የሞትና የሕይወት ጉዳይ ሆነ። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ ስልክ በደወልን ቁጥር አስቀድሞ የጥንቃቄ ምክር እንሰማ ነበር፤ የሠጋ ሰው ወደ 8335 ይደውል ነበር።

ወገኖች ሆይ፣ በእኛ በአማኞች መካከል ግን “ከተጸለየልህ በኋላ ስለ በሽታህ መጠየቅ አለማመን ነው” የሚል አነጋገር አለ። በዚህ ቃል መድኃኒታቸውን ያቆሙ ሰዎች ቀብር ላይ ቆመናል። ዝም ማለት አንችልም።

በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ዓይነ ስውሩ በርጤሜዎስ ሲጮኽ ብዙዎች ዝም እንዲል ገሠጹት። ጌታ ግን ቆሞ አስጠራው። ዓይነ ስውር መሆኑ እየታየ፣ ምን እንዲያደርግለት እንደሚፈልግ ራሱን ጠየቀው። ጌታችን የታመመውን ሰው ድምፅ ሊሰማ ወደደ። እኛ ዝም የምናሰኘው ለምንድን ነው?

ስለዚህ በሽተኛ ስንጠይቅ ከጸሎቱ ጋር ይህንንም እናድርግ። ሐኪሙን የሚጠይቀውን በስልኩ ላይ እንዲጽፍ እናግዘው፦ የበሽታዬ ስም ማን ነው? መድኃኒቱ እስከ መቼ ይወሰዳል? ምን ምልክት ሳይ ልመለስ? ማንበብ ለማይችሉ እናቶች ልጆቻቸው የመድኃኒቱን ሰዓት በስልክ ደወል ይሙሉላቸው። በቴሌግራምና በቲክቶክ የሚዞረውን የ“ፈዋሽ” ቅመም ወሬ ግን ሐኪም ሳናማክር ለማንም አናስተላልፍ።

ፈዋሹ እግዚአብሔር ነው። ሐኪሙን በጥበብ የሚያስታጥቀው፣ በሽተኛውንም ለመጠየቅ የሚያደፋፍረው እርሱ ነው። በዚህ ሳምንት አንድ የታመመ ሰው እንጎብኝ፤ አብረነው እንጸልይ፣ ጥያቄውንም አብረነው እንጻፍ።

ጌታ ይባርካችሁ።